ሸዋ ብርዱን ለምን መረጠች? ከሰላ ድንጋይ እስከ ፍል ውሃ

ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋቢህን እንዳትረሳ!» ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ አንኮበር፣ ሰላ ድንጋይ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው ብርዱ ነው። ስለ ብርዱ የሚቀለደው ቀልድ ብዙ ነው፤ ስለ ብርዱ ታሪክ የሚጻፈው ግን ትንሽ ነው።

ነገሩ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ እስክትቆረቆር ድረስ የሸዋ ገዢዎች ደጋግመው የተቀመጡት በዚሁ ብርድ ውስጥ ነው። ሙቅ አገር አጥተው አይደለም። ከአንኮበር ተነሥቶ ቁልቁል የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከጉም ወጥቶ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። ታዲያ ለምን አልወረዱም? በኋላስ ለምን ወረዱ? የሸዋ ቤተ መንግሥት ከተራራ ወደ ተራራ፣ በመጨረሻም ከተራራ ወደ ሜዳ የተጓዘበትን መንገድ ለመረዳት የጦርነቱንና የዙፋኑን ታሪክ ብቻ ማንበብ አይበቃም። የሙቀቱንና የብርዱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

◆ ሌላው ዓለም የወጣበት፣ እኛ የወረድንበት

በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ የበጋው ሙቀት አላስቀምጥ ስላላቸው ከ1864 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመንግሥታቸውን የበጋ መቀመጫ በሂማልያ ግርጌ ወደምትገኘው ሺምላ አደረጉ። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ ሹማምንቱ ከነመዝገባቸው ወደ ተራራው ይወጡ፣ ሲበርድ ደግሞ ይመለሱ ነበር። ጣሊያኖችም በኤርትራ ከምጽዋ ወበቅ ሸሽተው መቀመጫቸውን ወደ አስመራ አወጡት። ለአውሮፓ ገዢ ተራራ ማለት መዝናኛ፣ ማረፊያ፣ መድኃኒት ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ሺምላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። እንግሊዛዊው እንደራሴ ለሽርሽር የሚወጣበት ከፍታ ለሸዋ ገበሬ ወይና ደጋ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ባለ ሥልጣንና ባለ ጸጋ መዝናናት ሲያምረው ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ታች ይወርዳል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ቤተ መንግሥት ያሠሩት በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለእረፍት የሚሄደው ወደ ሶደሬ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሐዋሳ ነው። እኛ ዘንድ ተራራው የዘወትር ቤት ነው፤ መዝናኛው ቆላው ነው።

ይህን ልዩነት ሳይይዙ «የተራራ መዝናኛ ከተማ» የሚለውን ሐሳብ ወደ ሰሜን ሸዋ ማምጣት አይቻልም። ሰላ ድንጋይ የተመሠረተችው ለሽርሽር አይደለም። የተመሠረተችው ለመኖር፣ ለመግዛትና ለመጸለይ ነው።

◆ ክረምት «ዊንተር» አይደለም

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት የአየሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ምክንያቱም በትምህርት ቤት የተማርነው ትርጉም ራሱ ያሳስታል።

ሙቀት ከከፍታ ጋር ይቀንሳል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። አባቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁት ነበርና አገሩን በከፍታው ከፋፈሉት። ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,500 ገደማ ቆላ፣ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ፣ ከ3,200 በላይ ደግሞ ውርጭ። «ውርጭ» የአየር ሁኔታ ስም ብቻ አይደለም፤ የአገር ስም ነው። ሰላ ድንጋይና ደብረ ብርሃን ደጋ ናቸው፤ የመንዝ ጓሳ ውርጭ ነው።

ከ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ብዙም በማይርቀው በዚህ አካባቢ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች። ስለዚህ አውሮፓ እንዳለው ያለ የወቅት ልዩነት የለም። ደብረ ብርሃን ላይ በጣም ሞቃቱ ወርና በጣም ቀዝቃዛው ወር ሲነጻጸሩ የአማካይ ሙቀታቸው ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በአንድ ቀን ውስጥ፣ በቀትርና በንጋት መካከል፣ ልዩነቱ ከ15 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቀትር ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ የነበረው አየር ሊነጋጋ ሲል ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊትም ከዜሮ በታች ይሆናል። በሌላ አነጋገር የደጋ ሰው በየዕለቱ አንድ በጋና አንድ ብርድ ያሳልፋል። ጋቢ ጠዋት የሚለበሰው፣ ቀትር ላይ በትከሻ የሚጣለው፣ ማታ ተመልሶ የሚከናነቡት ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ብዙዎችን ያደናግራል። እንግሊዝኛውን «ዊንተር» ክረምት፣ «ሰመር» በጋ ብለን ተማርን። ልጁ መጽሐፉን ሲያነብ ዊንተር በረዶና ብርድ፣ ሰመር ሙቀት ነው ይለዋል። ሰላ ድንጋይ ላይ ግን የሚቆረጥመው የሌሊት ብርድ የሚመጣው በክረምት አይደለም። በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥር ነው፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት ሲጠራ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ቀን ፀሐይን ይከልላል፤ ሌሊት ደግሞ መሬት የያዘችውን ሙቀት አያስወጣም። ስለዚህ በክረምት ቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ግን ይለዝባል። ደመናው ሲገፈፍ ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ግን ራቁቱን ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ውርጭ የሚወርደው።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፦ ከመስከረም 26 ጀምሮ መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ በጋ፣ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ጀምሮ ክረምት። ይህ አከፋፈል የዝናብና የእርሻ አከፋፈል ነው እንጂ የሙቀትና የብርድ አይደለም። ክረምት የዝናብ ወቅት ነው። በሌላ አገር ወቅት ስም ሲተረጎም የገዛ አገራችንን አየር እንዳናውቀው አደረገን።

◆ ሰላ ድንጋይና ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ

ሸዋ በደጋ ላይ ቤተ መንግሥት ማቆምን ከሩቅ ጀምራለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሙን ደብረ ብርሃን አሉት። ነገሥታቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተዘዋወሩ በድንኳን በሚኖሩበት ዘመን እሳቸው በዚህ ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ለዓመታት ረግተው ተቀመጡ፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) ድረስ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን ወደ ተዘዋዋሪው ሰፈር ተመለሱ።

ከግራኝ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ የሸዋ ሥርወ መንግሥት እንደገና የተነሣው ከመንዝ ነው። ከአገሩ ሁሉ ቀዝቃዛ ከሚባለው! ከመንዝ ተነሥቶ እየሰፋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ገፋ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ።

ሰላ ድንጋይ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በእናትና በልጅ ነው። መርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድ በ1813 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሲገደሉ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ገና ወጣት ነበሩ፤ በሰላ ድንጋይ ገዳም ይማሩ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ቀድሞ ሥልጣኑን ቢይዝ እንደሚያስራቸው ስለሰጉ ከትምህርታቸው ተነሥተው ወደ ቁንዲ ገሠገሡና ሥልጣኑን ያዙ። ቆይተው «ንጉሥ» ተብለው እስከ 1847 (እ.ኤ.አ.) ሸዋን ገዙ። የምኒልክ አያት ናቸው።

እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ደግሞ መቀመጫቸውን ሰላ ድንጋይ አድርገው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ሰላ ድንጋይ ከአንኮበር ወደ ሰሜን፣ ወደ መንዝና ወደ ወሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች ወደ ሰሜን የሚሄድ እንግዳ ደጃቸውን ሳይረግጥ አያልፍም። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1842 (እ.ኤ.አ.) ሸዋን ለቅቆ ወደ ጎንደር ሲነሣ በሰላ ድንጋይ ተቀብለው አስተናግደውታል። ልጅ በአንኮበር፣ እናት በሰላ ድንጋይ፤ ሁለቱም በደጋ፣ ሁለቱም በገደል አፋፍ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ራሳቸው በአንድ ቦታ የሚቀመጡ አልነበሩም። አንኮበር፣ ደብረ ብርሃን፣ ቁንዲና እሳቸው የቆረቆሯት አንጎለላ ተራ በተራ ያስተናግዷቸው ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ሸዋ የደረሰው በክረምት ነው። የወዳጅነቱ ውል ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአንጎለላ ተፈረመ። ክረምቱ ሲወጣና መንገዱ ሲደርቅ ቤተ መንግሥቱም ወደ ሜዳው፣ ወደ ዘመቻው በር ይወጣል። የሺምላን ምሳሌ ያስታውሳል፤ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የእንግሊዝ ሹማምንት ከሙቀት ሸሽተው ይወጣሉ። የሸዋ ንጉሥ ከብርድ ወደ ብርድ ነው የሚዘዋወሩት። መንገድ፣ ግብርና ዘመቻ እንጂ ሙቀት ፍለጋ አላንቀሳቀሳቸውም።

በነዚያ ዓመታት ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን መለኪያ ይዘው ነበር። በዘመኑ የአንድን ተራራ ከፍታ ለማወቅ አንዱ ዘዴ ውሃ አፍልቶ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ማየት ነው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በደብረ ብርሃን ከፍታ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል። የተጉለት እናት ይህን በቁጥር አትናገረው ይሆናል፤ ባቄላና አተር በደጋ ቶሎ እንደማይበስል ግን ታውቃለች። መንገደኛው በመሣሪያ የሚለካውን እሷ በማገዶ ትለካዋለች።

◆ ብርዱ ምን ይሰጥ ነበር?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሙቅ አገር በአንድ ቀን ቁልቁለት እያለ ለምን ብርድ?

አንደኛው መልስ ንዳድ ነው፤ ዛሬ ወባ የምንለው። የወባ ትንኝና በውስጧ ያለው ተዋሕስ ለመራባት ሙቀት ይፈልጋሉ። በጥንቱ ልማድ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ አገር ከወባ የተጠበቀ ነበር። የትንኟ ሥራ በሳይንስ የታወቀው በ1897 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት አውሮፓውያን በሽታውን «ክፉ አየር» ብለው ነበር የጠሩት፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። የደጋ ሰውም ትንኟን ባይከስስ እንኳ ቦታውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ቆላ ወርዶ ማደር እንደሚያስታምም፣ በተለይ ክረምት ሲወጣ፣ የታወቀ ነው። ነጋዴው ቆላ ይወርዳል፣ ሸጦ ገዝቶ ይመለሳል፤ አያድርም። ከአንኮበር ሥር ያለችው የዓልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የቅፍለት ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። ንጉሡ ግን ከገበያው በላይ፣ ከትንኟ በላይ ተቀመጡ። ቀረጡን ከላይ ሆነው ይሰበስባሉ፤ ንዳዱ ከታች ይቀራል።

ሁለተኛው ፈረስ ነው። የሸዋ ጦር ጉልበት ፈረሰኛው ነበር። ፈረስ ቆላ ሲወርድ በበሽታ ያልቃል፤ በደጋ ሜዳ ላይ ግን ይራባል፣ ይፋፋል። የአንጎለላና የደብረ ብርሃን ሜዳ የፈረስ አገር ነው።

ሦስተኛው ገብስና በግ ነው። ጤፍ የሚፈራውን ብርድ ገብስ ይችለዋል። ከገብስ እንጀራው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ይወጣል። በሶና ቆሎ ደግሞ የዘማች ስንቅ ናቸው፤ እሳት ሳያስፈልግ ይበላሉ። የመንዝ በግ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩ ባናና በርኖስ፣ ቆዳው ደበሎ ይሆናል። ብርዱ መከራውን ሲያመጣ ልብሱንም አብሮ ሰጥቷል። በኋላ ዘመን፣ በ1950ዎቹ (ዓ.ም.)፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በደብረ ብርሃን መተከሉ ከዚህ የቆየ ሙያ የተነሣ ነው።

አራተኛው ገደሉ ነው። ሰላ ድንጋይም አንኮበርም የተቀመጡት ምድር በምትቆረጥበት አፋፍ ላይ ነው። በአንኮበር በኩል ያለው ውሃ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በሰላ ድንጋይ በኩል ያለው በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህ አፋፍ ለጠላት ጦር አቀበት ነው፤ ለነዋሪው ግን መጠበቂያ ማማ።

እነዚህ አራቱ ሲደመሩ ብርዱ የሥልጣን መሠረት ይሆናል። ጤና፣ ፈረሰኛ፣ ስንቅና ምሽግ በአንድ ቦታ የሚገኙት በደጋ ነው።

◆ ብርዱስ ምን ይወስድ ነበር?

ታሪኩን በዚህ ማቆም ግን ደጋን ገነት ማድረግ ይሆናል። ብርዱ የራሱን ግብር ይሰበስባል።

ቆላ በወባ ቢፈጅ ደጋ በተስቦ ይፈጃል። ሲበርድ ሰው ተጠጋግቶ ይተኛል፤ አንዱን ልብስ ሳያወልቅና ሳያጥብ ይከርማል፤ በዚያ ልብስ ውስጥ ቅማል ይራባል። ተስቦም ግርሻም የሚተላለፉት በልብስ ቅማል ነው። እነዚህ በሽታዎች በታሪክ የታወቁት በብርድ አገር፣ በድኽነት፣ በጦር ሰፈርና በእስር ቤት ነው። ከትንኝ ያመለጠው ገበሬና ወታደር ከቅማል አላመለጠም።

ውርጩም አለ። የመኸር ገብስ ዘለላው ገና ወተት ሳለ የጥቅምት ወይም የኅዳር ውርጭ ከደረሰበት በአንድ ሌሊት ገለባ ሆኖ ያድራል። ገበሬው እንዳያዘገይ ውርጭ አለ፤ እንዳያስቀድም ደግሞ የነሐሴ ውሃ የተኛበት መሬት አለ። ለዚህ ነው የዚህ አካባቢ ደጋ በበልግ ላይ የሚተማመነው፤ በጥርና በየካቲት ዘርቶ በሰኔ ይሰበስባል። በልጉ የቀረ ዓመት ለመንዝና ለተጉለት የረሃብ ዓመት ነው። የ1977 (ዓ.ም.) ረሃብ ሲነሣ ብዙ ሰው ወሎንና ትግራይን ብቻ ያስታውሳል፤ የሰሜን ሸዋ ደጋም አብሮ ተጎድቷል።

የቀዘቀዘውን፣ የተኛውን መሬት ለማንቃት ገበሬው ጓይ ያቃጥላል። አፈሩን ከነሣሩ ይከምርና በኩበት እሳት ውስጥ ውስጡን ያጨሰዋል፣ ከዚያ በትኖ ገብስ ይዘራበታል። ለአንድ ሁለት ዓመት ያበቅላል፤ ከዚያ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ማረፍ ይኖርበታል። ብርድን በእሳት መግዛት ነው፤ ዋጋው ግን ከአፈሩ ይከፈላል።

ሁሉንም የሚያስተሳስረው ማገዶ ነው። ብርድ አገር ማገዶ ይበላል። ዛፉ ሲያልቅ ኩበት ይነደዳል፤ ኩበት ሲነድ መሬቱ ማዳበሪያ ያጣል። የመንዝ ሰዎች ይህን ቀድመው የተረዱ ይመስላሉ። ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። የተወሰነ ዓመት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል፤ የቤት ክዳኑም ጌሣውም ማገዶውም ከዚያ ይወጣል። ብርድ ባስቸገረበት አገር ለብርድ የሚሆን ሥርዓት ተሠራ ማለት ነው።

◆ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1865 (እ.ኤ.አ.) ሸዋን ሲይዙ የአያቶቻቸውን መንገድ ተከተሉ። አንኮበር፣ ከዚያ በደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ፣ ከዚያ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እንጦጦ። እንጦጦ የድሮው ሐሳብ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነች፣ ሁሉን የምታይ ምሽግ። ግን ነፋሷ ይጋረፋል፣ ውሃዋ ሩቅ ነው፣ ማገዶዋ አለቀ።

ከተራራው ግርጌ ደግሞ ፍል ውሃ አለ። የቤተ መንግሥት ሰዎች ለመታጠብና ለመታከም መውረድ ጀመሩ። እቴጌ ጣይቱ በዚያ ቤት አሠሩ፤ በ1879 (ዓ.ም.) ከተማዋ አዲስ አበባ ተባለች። ሽርሽር የነበረው መኖሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ የሸዋ ታሪክ ይገለበጣል። ለዘመናት መንግሥት ከላይ፣ ገበያ ከታች ነበር። ምኒልክ ግን በዚያን ጊዜ ደቡቡንና ምሥራቁን ይዘው ነበርና የገደል አፋፍ የሚያስፈልጋቸው አይደሉም። ምሽጉ ካላስፈለገ ብርዱን የሚችሉበት ምክንያት የለም። አዲስ አበባ ከወባ በላይ፣ ከውርጭ በታች የሆነውን ቦታ አገኘች። ማገዶው ግን እዚያም ተከተላቸው። ከተማዋ ዛፍ ጨርሳ መቀመጫውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባም እንደ ልቼ የአንድ ዘመን ሰፈር ሆና በቀረች ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

◆ መንገዱ ጥሏት ሄደ

ቤተ መንግሥቱ ሲወርድ ደጋው ተረሳ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን–ደሴን መንገድ ሲሠራ በጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ተራራውን በስቶ ዋሻ አወጣ። መንገዱ ደብረ ብርሃንንና ደብረ ሲናን አገናኘ፤ አንኮበርንና ሰላ ድንጋይን በዳር ተዋቸው። የንጉሥ እናት ደጅ የነበረችው ከተማ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብዙ መንገደኛ ስሟን ከታርጋ ላይ እንኳ ሳያነብ በዋናው መንገድ ያልፋል።

ያልረሷት ምእመናን ናቸው። በዚያው ወረዳ ጻድቃኔ ማርያም አለች፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካሠሩት ከደብረ ምጥማቅ ጋር የምትያያዝ ታላቅ የጠበል ቦታ። ንጉሡ በግብጽ ያለው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሲሰሙ በሸዋ በዚያው ስም አሠሩ። የሰንበትን ክርክር የፈታው ጉባኤም በ1450 (እ.ኤ.አ.) በደብረ ምጥማቅ ተካሄደ። ዛሬ ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ ብዙ ሰው ለሱባዔና ለጠበል ይወጣል፤ ማለዳ ውርጩ ሳይነሣ ወደ ጠበሉ ይገባል።

በኢትዮጵያ ለእረፍት ወደ ቆላ ይወረዳል ተብሏል። ለነፍስ ግን ወደ ብርድ ይወጣል። ወደ ተራራ የሚወጣ እንግዳ፣ ለሳምንታት የሚሰነብት፣ አልጋና ምግብ የሚፈልግ፤ ሌላው ዓለም «የተራራ ከተማ» የሚለው ነገር እኛ ዘንድ የጠበል ቦታ ሆኖ ነው የሚገኘው። በአንኮበር የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቶ ቱሪስት መምጣቱ መልካም ነው። የሰላ ድንጋይ አካባቢ ግን እንግዳ መቀበልን ከቱሪዝም ቢሮ በፊት ያውቀዋል። የሚያስፈልገው መንገድ፣ ንጹሕ ማደሪያና ንጹሕ ውሃ ነው። ተጠጋግቶ ማደር ምን እንደሚያመጣ የተስቦ ታሪክ አስተምሯልና።

◆ ብርዱ ሲቀንስ

አሁን ሌላ ነገር እየመጣ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1960 እና በ2006 (እ.ኤ.አ.) መካከል በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ለደጋ ሰው ይህ መጀመሪያ ሲሰማ የምሥራች ይመስላል፤ ብርዱ ቢቀንስ ማን ይጠላል? በከፍታ ሲተረጎም ግን 1.3 ዲግሪ ማለት 200 ሜትር ያህል ወደ ታች መውረድ ነው። ሰላ ድንጋይ ሳትንቀሳቀስ ወደ ወይና ደጋ እየቀረበች ነው።

ይህ ሲሆን ትንኟ ወደ ላይ ትወጣለች። ምን ማለት እንደሆነ አገሪቱ አንድ ጊዜ አይታዋለች። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወባ ከልማዱ ወጥቶ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ በወጣ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በሽታውን የማያውቅ ደጋ ሲያዝ ከቆላው ይልቅ ይጎዳል። የገብሱም መሬት ወደ ላይ ይሸሻል፤ የጓሳ ሣር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። ተራራው ግን ጫፍ አለው። ከጫፉ በላይ መሸሻ የለም።

ሙቀቱ በአማካይ ይጨምር እንጂ የኅዳር ሌሊት ውርጭ ገና አልሄደም። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። አብዛኞቹ ከሞቃት አገር የመጡ ናቸው። የአገሩ ሰው ብርዱን የሚችለው በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በሣር ክዳን፣ በምድጃ፣ በበግ ጸጉር ልብስ ነው፤ በትውልዶች የተሠራ ጋሻ አለው። በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ያለ ሕፃን ግን ከዚያ ጋሻ አንዱም የለውም። እርዳታ የሚያቅድ ሰው «ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ እንሰጣለን» ብሎ ካሰበ ወቅቱን ስቷል። በክረምት የሚያስፈልገው ከዝናብ መከለያ ነው፤ ብርድ ልብሱ መድረስ ያለበት ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ሳይጠራ ነው። ክረምትን ዊንተር ብሎ መተርጎም የትምህርት ቤት ስሕተት ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የሸዋ ነገሥታት ብርዱን የመረጡት ስለሚወዱት አይደለም፤ የሚሰጠውንና የሚወስደውን አስልተው ነው። ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ፣ ልጃቸው በአንኮበር፣ ጣይቱ በፍል ውሃ፤ ሁሉም ዘመናቸው የሚፈልገውን ከፍታ መረጡ። የመንዝ ገበሬም ጓሳን ሲዘጋና ሲከፍት ያንኑ ስሌት ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ለሰሜን ሸዋ ደጋ መንገድ፣ ክሊኒክ፣ መጠለያ፣ ዘር ወይም ሎጅ የሚያቅድ ሁሉ ያንን ስሌት እንደገና መሥራት አለበት። የሰላ ድንጋይ የብርድ ሰዓትና ወቅት ሚስጥር አይደለም፤ የአገሩን ሽማግሌ ወይም በገብስ ማሳው ዳር የቆመ ገበሬ መጠየቅ ነው።

ቸር ይግጠመን!